የአያ ጎሹ ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው ሰሞን አዲሱን መታወቂያ ላወጣ ሰቆጣ ወረፋ ይዤ ዋልኩ። ተራዬ ደርሶ ስገባ አንዲት ቀጭን ልጅ መነጽር የሚመስል ጥቁር ዕቃ ፊቴ ላይ ደቀነችብኝ።

«አባቴ፣ ሁለቱንም ዓይንዎን በደንብ ይግለጡ» አለችኝ።

«ገልጬዋለሁ።»

«ግራው አልነበበልኝም።»

«እሱማ ማንበብ ካቆመ ቆየ» አልኳት።

ልጅቱ ዕቃውን ዝቅ አድርጋ ስታየኝ ደነገጠች። ግራ ዓይኔ ነጭ ናት፤ እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት። «ውይ፣ ይቅርታ አባቴ፣ አላየሁም ነበር!»

«አይዞሽ፣ እሷም አላየችሽም።»

ከኋላዬ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ ያለሁበት ወረፋ አይሰለችም፤ ይህን አገሩ ይመሰክራል። ልጅቱ ግን የምትሞላው ነገር ነበረባትና «በምን ምክንያት ነው የጠፋው? በሽታ ነው አደጋ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በወንጌል ነው» አልኳት። «በነዌና በአልዓዛር።»

እየቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለችና «አደጋ» ብላ ሞላች። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ስለነበረ አላብራራሁላትም። እናንተ ግን ወረፋ አልያዛችሁም፤ ተቀመጡ።

ያኔ ጢሜ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። ሥራዬ ገበያው ዳር ከመኪና ጎማ በረባሶ መሥራት ነው። በረባሶዬ እንዴት ያለ ነበር መሰላችሁ! ተከዜ ወርዶ፣ በዚያ ሁሉ ሾህና ድንጋይ ተመልሶ፣ ሰውዬው ሲሞት ልጁ የሚወርሰው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪውም አያሳፍርም።

አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ በቢላዬ ቁራጭ ጎማ ላይ አውራ ዶሮ ቀረጽኩ። ጥላሸት በነካው እጄ ዳበስኩትና ሳላስበው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ደፋሁት። ሳነሣው ወረቀቱ ላይ አውራ ዶሮ ቆሟል! ደገምኩት፤ ሌላ ዶሮ። ደገምኩት፤ ሌላ። እስኪመሽ ድረስ የሰቆጣን ዶሮ ሁሉ እኔ ፈለፈልኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመኝ? የኩራዝ ጥላሸት ከግራር ሙጫ ጋር በጥብጬ ቀለም አወጣሁ፤ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር እየለቀምኩ ጀርባውን ወረቀት አደረግኩ።

ምን ላትም? እኔ የማውቀው ተረት ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበከውን ነው። ግን የጥንቱን ሰው በጥንት ልብሱ ባትመው ማን ይስቃል? ስለዚህ የራሳችንን ሰው ልብስ አለበስኳቸው። ጠፍቶ የተገኘውን ልጅ ከሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ባዶ እጁን፣ ጥቁር መነጽር ብቻ ገዝቶ የተመለሰ ጎረምሳ አደረግኩት። አባትዬው ፍሪዳ በሚጥልበት ቦታ ፍየል አስጣልኩት፤ እዚህ እኛ ዝቋላ ወረዳ በዚያ ድርቅ ፍሪዳ ከየት ይመጣል? አሥሩን ደናግል የእጅ ባትሪ አስያዝኳቸው። አምስቱ ልባሞች ትርፍ የባትሪ ድንጋይ በመቀነታቸው ቋጥረዋል፤ ከአምስቱ ሰነፎች አንዷ ያለቀውን ድንጋይ ይነሣላት ብላ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ሙሽራው በኋላዋ ያልፋል። ወንበዴ የደበደበውን መንገደኛ ስቀርጽ ደግሞ ጃንጥላቸውን ዘንበል አድርገው የሚያልፉ ቄስ፣ ኪሱ ላይ ስክሪብቶ የሰካ የቀበሌ ሰው፣ በመጨረሻ አህያ የሚነዳ፣ ከፃግብጂ ወረዳ የመጣ አንድ ገበሬ አወጣሁ። ቄሶቹ ይረግሙኛል ብዬ ስፈራ አንደኛው መጥተው ገዙኝ። «ይሄ የዚያኛው ደብር ቄስ ነው» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀለድኩም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይቶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጻድቁ፣ ሰማዕቱ፣ ደጉ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉት። ሰይጣኑ፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፈው ወታደር ግን በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። በእኛ አገር ሀሁ ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሥዕል ፊት ሲቆም መጀመሪያ ዓይን ይቆጥራል። እኔም ሕጉን ጠበቅኩ፤ ለደጉ ሁለት፣ ለክፉው አንድ።

አሁን አያ ጎሹን ላስተዋውቃችሁ። የከብትና የፍየል ነጋዴ ነበር። ቁመቱ የበር መቃን ይነካል፤ በጠራራ ፀሐይ የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፤ የወይራ ዱላው ከአፉ ቀድሞ ይናገራል። ያኔ ሰቆጣ ውስጥ የጎሹን ዱላ ያልቀመሰ ወንድ ካለ ወይ አራስ ነው ወይ ካህን ነው። ፍየል የሰረቀውን ሰው ጆሮ በጥርሱ ቆርጦ ተፋው ይባላል። ይባላል ስል፣ ያንን ባለ አንድ ጆሮ ሰውዬ በረባሶ ሸጬለታለሁ።

በጎሹ በር ላይ ኪሮስ የሚባል አንድ እግሩ የማይታዘዝለት ለማኝ ይቀመጥ ነበር። ከቤት የሚወጣውን ፍርፋሪ ከውሻው ጋር ይሻማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ውሻው ነው፤ ለኪሮስ የሚተርፈው ንክሻው ነው። አንድ ጠዋት ከትግራይ በኩል የመጡ ገዢዎች ሊገቡ ሲሉ ኪሮስ ደፉ ላይ ተኝቶ መንገድ ዘጋ። ጎሹ አንድ ቃል አልተናገረም። ዱላውን አነሣ፤ ኪሮስ ክንዱን ጋረደ፤ ክንዱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ገዢዎቹ ኪሮስን ተሻግረው ገቡ። መንገዱ ላይ የነበርነው ሁሉ መሬት መሬት አየን። ማን ይናገር? እኔም ምላሴ ረጅም ቢሆን የጎሹ ዱላ ይረዝማል።

ቤቴ ገብቼ ግን ቢላዬን ሳልኩ። ነዌን ቀረጽኩት፤ ያን ሀብታም፣ አልዓዛር በደጁ ወድቆ እያየ የሚበላውን። የቆዳ ጃኬት አለበስኩት፤ ስፌቱን አንድ በአንድ አወጣሁ። ከፊቱ የፍየል ጎድን፣ ብርሌ፣ ቴፕ ሪከርደር። በሩ ላይ አልዓዛር ክንዱ ተሰብሮ ወድቋል፤ ውሻው ቁስሉን ይልስለታል። እሱን ከመጽሐፉ ነው የወሰድኩት፤ የጎሹ ውሻ ልሶ አያውቅም። ነዌ ደግሞ በጎን፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ በአንድ ዓይን። ወንድሞቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አልሠራሁም! በየጠላ ቤቱ ተለጠፈ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ፤ ወንዶቹ መጀመሪያ በሩን ያያሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ።

በገበያ ቀን ጎሹ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሰው እንደ ውሃ ለሁለት ተከፈለለት።

«ይህን የቀረጽከው አንተ ነህ ሲሳይ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር። እኔ ግን ሥራዬ ሲጠራ አፌ ቀድሞኝ ይሄዳል። «አዎ አያ፣ ጥሩ አልወጣም?» አልኩት።

ዱላው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጎማው፣ በረባሶው፣ ቀለሙ፣ እኔ፣ ሁላችንም ተገለባበጥን። ግን ዝም አላልኩም፤ ከተጋደምኩበት ሆኜ መዶሻዬን አነሣሁና ጉልበቱን አልኩት። እስከ ዛሬ የምኮራበት ምት ነው፤ ጎሹ እስኪሞት ድረስ ክረምት ሲመጣ እያነከሰ «ያ የሲሳይ መዶሻ» ይል ነበር። እሱ ግን በዚያ ቅጽበት በቡጢ ሁለት ጥርሴን አስተፋኝ፣ አንገቴን አንቆ ወደ ላይ አነሣኝ፣ ወረቀቱን አፍንጫዬ ላይ ለጠፈው።

«ነዌ ብትለኝ አልጠላሁም» አለ። «ነዌ ሀብታም ነው። ጃኬቴንም ጥሩ አርገህ አውጥተኸዋል። ሁለተኛው ዓይኔ የታለ?»

«አያ… በጎን ሲታይ እኮ…»

«በጎን የሚታየው ማን እንደሆነ አውቃለሁ! እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነው ያንን ግድግዳ ያየሁት። ከይሁዳ ጋር ልታሰልፈኝ ነው? ከሰይጣን ጋር?»

ከዚያ አውራ ጣቱን ግራ ዓይኔ ላይ አኖረና ተጫነ። ዓይኔ ወደ ውስጥ ስትሄድ ተሰማኝ፤ ቀይ አየሁ፣ ቢጫ አየሁ።

«እስከ ኅዳር ሚካኤል ዓይኔን አምጣ። ካላመጣህ ይህችን እወስዳለሁ። ዓይን ስለ ዓይን ያለውም መጽሐፍ ነው።»

ለቀቀኝና እያነከሰ ሄደ።

እናቴ ጉንጬን በጨው ውሃ እያጠበች «ዓይኑን ስጠውና ተገላገል ልጄ፤ ምን ይጎድልብሃል?» አለችኝ።

«እማ፣ ከጎማ የተቆረጠ አይመለስም እኮ! ፊቱ ራሱ በጎን ነው፤ የት ላይ ላድርገው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ስትቀርጽ ጠይቀኸኛል?»

ቢሆንም ሞከርኩ። በምስማር ከዓይኑ ጎን አንድ ነጥብ ብወጋ ዝንብ ያረፈበት መሰለ። በሌላ ጎማ ላይ ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ ብቀርጽ እናቴ አይታ አማተበችና «ይሄንማ ካሳየኸው ሁለቱንም ነው የሚያወጣልህ» አለች።

ስለዚህ ነጭ ማር በቅል ይዤ፣ በጽጽቃ መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። እዚያ ታች አንድ መንደር ውስጥ መሪጌታ ክንፉ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ያ ጎሹ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ያየው ግድግዳ የእሳቸው ሥራ ነው። ማሽላው ደርሶ ጭንቅላቱ ቀልቷል። በየማሳው መሃል ማማ ላይ የወጡ ጎረምሶች ወፍ ለማባረር ወንጭፋቸውን ያጮሃሉ። አንድ ድንጋይ በራሴ ላይ እያፏጨ አለፈና ጎንበስ አልኩ። «አይዞህ፣ ወፏን ነው!» ብሎ ከማማው ላይ አንዱ ሳቀብኝ። የወንጭፍ ድንጋይ ፉጨቱ ቀጭን ነው፤ አንዴ የሰማው አይረሳውም።

መሪጌታ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ብሩሽ ካስቀመጡ ቆይተዋል። ማሩን በጣታቸው እየቀመሱ ታሪኬን ሰሙ።

«መሪጌታ፣ ክፉ ሰው ሁለት ዓይን ሊኖረው ይችላል?»

«አንድ ነው ያለው ያለህ ማነው?»

«ግድግዳዎ ነዋ!»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ኧረ ወዲያ! እግዜር ለሁሉም ሁለት ሁለት ነው የሰጠው። ክፉው ፊቱን ያዞረ ነው። ካጠገቡ ካለው ሰው ፊቱን ስላዞረ አንዷ አትታይህም እንጂ አለች።»

«እንድትታይ ቢፈልግስ?»

«ይዙራ! እሱ ሳይዞር አንተ ብትጨምርለት ውሸታም ነህ።» ጣታቸውን ላሱ። «ነዌ ዞሮ አልዓዛርን ያየው መቼ ነው? ስትሰማው ያደግክ ነገር ነው።»

አሰብኩ። ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሲኦል ገብቶ፣ ከእሳቱ ውስጥ ቀና ብሎ አልዓዛርን በአብርሃም እቅፍ ባየ ጊዜ!

«በሲኦል ነው፣ መሪጌታ።»

«በል እንግዲህ» አሉና ቅሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ጎሹን እዚያው በሕይወቱ እንዲዞር ንገረው ማለታቸው ይሆናል። እኔ ግን ዳገቱን የወጣሁት እየሳቅኩ ነው። ሁለት ዓይን ጠየቀ፤ ሁለት ዓይን ይሰጠዋል! ነዌን ፊት ለፊት ቀረጽኩት፤ ዓይኖቹ እንደ ሰማዕት ዓይን ትልልቅ፣ ጃኬቱ እንዳለ። ከደረቱ በታች ደግሞ እሳት፤ ነበልባሉ ቀጥ ቀጥ ብሎ፣ ጫፉ ዘንበል እያለ። በጥበቤ ራሴን ሳምኩት።

የሚካኤል ዕለት ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተበትኗል። ጠላው ይቀዳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፤ ከየማሳው የወጡት ጎረምሶች ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይጨፍራሉ። ጎሹ በሰው መሃል አገኘኝ። ክንዱ ጠማማ ሆኖ የገጠመው ኪሮስም ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ያያል።

ወረቀቱን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊቱ አስጠጋው። አውራ ጣቱን፣ ያችኑ ዓይኔን የተጫነችውን፣ ወረቀቱ ላይ አኑሮ ቆጠረ።

«አንድ… ሁለት።»

ፈገግ አለ። ያ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጥርሱ እንደ ልጅ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔን ነው የሚመስለው። ይሄ ታች ያለው ምንድን ነው? ማሽላ ነው?»

ለካ ነበልባሌ የደረሰ ማሽላ መስሏል! ጎሹ ማሽላው መሃል የቆመ ባለጸጋ! እግዜር ካወጣኝ ብዬ «አዎ አያ» ልል አፌን ከፈትኩ።

ኪሮስ ግን አንገቱን አስግጎ አይቶታል። «እሳት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሲኦል ነው ጎሹ! ሲኦል ገብተሃል!» እና ያን ጠማማ ክንዱን እያወዛወዘ ሳቀ።

ሜዳው ሁሉ ፈነዳ። ያ አገር ስንት ዓመት ያመቀው ሳቅ በአንድ ጊዜ ወጣ። ጎሹ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ ዱላውን በቀኙ አነሣና ኪሮስን ጀርባው ላይ አገኘው። ሊደግመው ሲያነሣ አንድ ድንጋይ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ጆሮ ግንዱን መታው።

ከዚያ በኋላ ያለው ድብድብ አልነበረም፤ ውርጅብኝ ነበር። እያንዳንዱ ጎረምሳ ወይ በራሱ ወይ በአባቱ ጀርባ ላይ የጎሹ ሰንበር ነበረበት። ጎሹ ዱላውን ሲያሽከረክረው የአንዱ መንጋጋ ተሰበረ፤ አንዱ ክርኑን ይዞ እየጮኸ ወጣ፤ አንዱ ጎድኑን አቅፎ ተቀመጠ። ሴቶች «ኡኡ!» ይላሉ። ድንጋይ ግን አያልቅም፤ የእኛ አገር ምን ቢቸግረው በድንጋይ አይቸገርም። ጭንቅላቱ ተፈነከተ፣ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻ በጉልበቱ ወደቀ፤ ያው እኔ በመዶሻ ያልኩት ጉልበት ነው የከዳው። ደሙ የጃኬቱን ስፌት እየተከተለ ይወርዳል። የሚገርማችሁ ግራ እጁ ነው። ወረቀቱን ደም እንዳይነካው ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞታል።

በዚያ መሃል ዞሮ አየኝ። ፊት ለፊት። ደም በደም ሆኖ፣ ሁለት ዓይኖቹ ተበልጥጠው፣ አንድ ነገር የሚለምን አፍ ተከፍቶ። ልክ እንደቀረጽኩት።

ጀግንነት ነው ብትሉ አልከለክላችሁም፤ እኔም ለሴቶች ሳወራው እንደዚያ ነው የማወራው። ግን ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ብቻ «በሚካኤል! በቃ! በሚካኤል!» እያልኩ ዘልዬ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ እጆቼን ዘርግቼ። አንዱ ድንጋይ ደረቴን መታኝ። «ውጣ ሲሳይ! አንተን አይደለም!» አለኝ የማውቀው ድምፅ። አልወጣሁም። ቀጥሎ ያችን ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፤ ጎንበስ ማለት ሲገባኝ ወፏን ነው ያልኩ ይመስለኛል።

አላመመኝም። የሞቀ ነገር ብቻ በጉንጬ ወርዶ አንገቴ ውስጥ ገባ።

ሜዳው ጭር አለ። ደም መፍሰሱ አልነበረም ያስፈራቸው፤ የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ ሊመጣ መሆኑ ነው። ነገ ምስክር ላለመባል ሁሉም እግሬ አውጪኝ አለ። በቀረችኝ ዓይን አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን ዘንበል አድርገው ጥግ ጥጉን ሲያልፉ አየሁ። ሥዕሌን የገዙኝ እሳቸው ነበሩ። ከዚያ አንድ ግንድ የሚያህል ክንድ ከብብቴ ሥር ገባና ከመሬት አነሣኝ።

«ኪሮስ!» ብሎ ጮኸ ጎሹ። «ዱላዬን ያዝ! ፊት ፊት ሂድና መንገድ አስለቅቅ!»

ኪሮስ ያን ክንዱን የሰበረውን ዱላ አነሣ። አንድ አፍታ ጎሹን አየው፤ ጎሹም አየው። እኔ በመሃል ሆኜ አሁን ያቀምሰዋል ብዬ ነበር። ኪሮስ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰና እያነከሰ፣ የቆመውን ሁሉ በዱላው ሾጥ እያደረገ «ዞር በል! ዞር በል!» ማለት ጀመረ። እንዴት እንደሚጥመው ብታዩ!

ጎሹ በጀርባው አዝሎኝ ያነክሳል። የእሱ ደም በእኔ እጅ፣ የእኔ በእሱ አንገት። ዓይኔን ልከድን ስል በክርኑ ይጎሽመኛል።

«አትተኛ! ብትተኛ እገድልሃለሁ። አንተ ሞኝ፣ ምን አገባህ?»

«ዓይንዎን እንዳያጠፉብኝ ብዬ ነዋ… ስንት ቀን የለፋሁበት…»

«ዓይኔንማ አገኘሁት» አለ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ «ያንተን ግን እኔ አልነበርኩም» አለ። «መንገድ ላይ ከሞትክ ለእናትህ ምን እላለሁ? እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል?»

ሐኪም ቤት ስንደርስ ተራ ጠብቁ ያለውን ዘበኛ በጥፊ ብሎ አስገባኝ። ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ጎሹ የራሱን ፍንክት ሳያሰፋ በሩ ላይ ተቀምጦ አደረ።

ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ አውጫጭኝ ተጠራ፤ ድንጋዩን የወነጨፈው ማን እንደሆነ አልተገኘም። አገሩ በሙሉ ከሰማይ ወረደ ብሎ ማለ። እኔ «ውጣ ሲሳይ» ያለኝን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ኋላም ልጁን ክርስትና አንሥቼለታለሁ፤ ይኸው እዚህም ስሙን አልጠራሁም።

ጎሹ ከዚያ በኋላ መልአክ ሆነ ብዬ አልዋሽም። በዓመቱ የራሱን አማች ደብድቦ ታስሯል። ውሻውን ግን አሰረው። ኪሮስ የሚቀመጠውም ከበሩ ውጭ መሆኑ ቀርቶ ከበሩ ውስጥ ሆነ። ወረቀቱን ደግሞ ጎሹ በቢላ ታች ታቹን ቆረጠው፤ እሳቱን በሙሉ። ጃኬቱና ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ቀርተው በመስተዋት አስገብቶ ሰቀለው። ልጠይቀው ስሄድ ሁልጊዜ ከሥሩ ያስቀምጠኝና «ጆሮዬን አሳንሰኸዋል» ይለኛል።

አምና ሞተ። ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም ነበርና ለለቅሶው ልጆቹ ያንን መስተዋት ይዘው ወጡ፤ አልቃሾቹ እያዞሩ ያለቅሱበታል። ቢላው ሲቆርጥ እጁ ዘንበል ብሎ ኖሮ ከታች ጠርዙ ላይ የሁለት ሦስት ነበልባል ጫፍ ቀርቷል። ከጽጽቃ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው አዩትና «ይቺ ታች ያለችው ምንድን ናት?» አሉ።

ኪሮስ አርጅቷል፤ ያን ጠማማ ክንዱን ራሱ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ ነበር። ቀና አለ።

«ማሽላ ነው» አለ። «ማሽላው መሃል ቆሞ ነው።»

በሉ ወደ መታወቂያው ልመልሳችሁ።

ልጅቱ ጥቁሩን ዕቃ አስቀምጣ ወደ ፎቶው ገባች። እኔ ካሜራ ሳይ ልማድ አለብኝ፤ ቀኝ ቀኜን እሰጣለሁ፤ ውበቴ ያለው በዚያ በኩል ነው። ስንት ሠርግ ላይ እንደዚያ በጎን ተነሥቻለሁ።

«አባቴ፣ ፊትዎን አያዙሩ» አለችኝ። «ቀጥ ብለው ወደ እኔ ይዩ።»

ዞርኩ። ብልጭ አለ። ጥሩ ወጥቶ እንደሆነ ልይ ብዬ አስቸገርኳትና የኮምፒውተሩን መስታወት ወደ እኔ አዞረችልኝ። አውራ ጣቴን አስጠግቼ ቆጠርኩ፤ አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ነጭ።

አንድ… ሁለት።